«ቁልፍ ተሰጥቷል፣ ስሙ ግን አልዞረም»፦ ያገለገለ መኪና በግል ሲሸጥ ስለሚነሱ ክሶች

የአያት ውል ጸሐፊ

ሰላም ለሁላችሁ። ከአያት እስከ ለገጣፎ፣ ከቱሉ ዲምቱ እስከ ገላን ያገለገለ መኪና የሚሸጥበት መንገድ ያው ነው። ደላላ ያገናኛል፣ መካኒክ ኮፋኖ ከፍቶ ያያል፣ ኮምፒውተር ቤት ሁለት ገጽ ውል ይታተማል፣ ገንዘብ በባንክ ይተላለፋል፣ ቁልፍ ይሰጣል። ስም ማዛወሩ «ሰኞ እንሄዳለን» ይባልና ይቀራል። ሰኞው ሳምንት፣ ሳምንቱ ወር ይሆናል። ክስ የሚወለደው በዚህ መካከል ነው።

ለውይይት እንዲመች አንድ ምሳሌ ላስቀምጥ። ሻጭ ለገጣፎ፣ ገዥ አያት ይኖራሉ። መኪናው ኮድ 2 (የግል)፣ አአ ሰሌዳ፣ አውቶማቲክ ቪትዝ ነው። የተስማሙት በ1,350,000 ብር ሲሆን ውሉ ላይ የተጻፈው 500,000 ነው። ገዥ 1,250,000 ብር በባንክ ከፍሎ መኪናውን ወሰደ፤ 100,000 ስም ሲዞር ሊከፍል ቀረ። በ9ኛው ቀን ካምቢዮው መንሸራተት ጀመረ። ገዥ «ቀሪውን አልከፍልም፣ ገንዘቤን መልስ» አለ። በ20ኛው ቀን ይኸው መኪና ቱሉ ዲምቱ መንገድ ላይ እግረኛ ገጨ። ሊብሬው (የመኪናው የባለቤትነት ደብተር) አሁንም በሻጭ ስም ነው። ውሉ ላይ ያለው የተለመደው ነው፦ «አይቼና አስመርምሬ ወድጄ ገዝቻለሁ»፣ «ውሉ በፍ/ብ/ሕ/ቁ (የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር) 1731 እና 2005 መሠረት የጸና ነው»፣ ሁለት እማኝ፣ ከእማኞቹ አንዱ ራሱ ደላላው።

ማን በምን ይጠየቃል? ከየሙያችሁ ጻፉ።

ነገረ ፈጅ

ከከባዱ ልጀምር፣ ከአደጋው። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት ተሽከርካሪው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል። ሲነዳ የነበረው ሌላ ሰው መሆኑ ባለቤቱን ነጻ አያወጣውም። መኪናው ተሰርቆ ከነበረ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ሸጦ ቁልፍ ማስረከብ ግን ስርቆት አይደለም። ተጎጂው ወይም ቤተሰቡ የሚያውቁት ሰሌዳውን ነው። ከሰሌዳው ወደ ሊብሬው፣ ከሊብሬው ወደ ሻጩ ይመጣሉ። ስለዚህ የመጀመሪያው መጥሪያ ለገጣፎ ነው የሚደርሰው።

ሻጭ መጥሪያ ሲደርሰው «እኔ ሸጫለሁ» ብሎ ዝም ማለት ትልቁ ስህተቱ ነው። መልስ በማቅረቢያው ቀን፣ ከመልሱ ጋር፣ በፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 43 መሠረት ገዥው በሦስተኛ ወገንነት ወደ ክርክሩ እንዲገባ ያመልክት። ሻጭ ቢፈረድበት እንኳ በዚያው መዝገብ ገዥ እንዲተካለት ያደርጋል፤ ይህን ካላደረገ መጀመሪያ ከፍሎ፣ ቀጥሎ አዲስ ክስ ከፍቶ፣ አዲስ የዳኝነት ክፍያ ከፍሎ ገዥውን ያሳድዳል።

ማስረጃው ውሉና ርክክቡ ነው። «መኪናውን ተረክቤአለሁ» የምትል አንዲት መስመር ብቻ ካለች ቀኑ ያከራክራል፤ ሰዓቱማ ጭራሽ የለም። ሽያጩና አደጋው በአንድ ቀን የሆኑ እንደሆነ ሰዓት የሌለው ርክክብ ሻጭን ምንም አያድነውም።

የሦስተኛ ወገን መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ግዴታ ቢሆንም ጣሪያ አለው። ከጣሪያው የተረፈው ካሳ ከባለቤቱ ኪስ ይወጣል። ሙሉ መድን ካለ ደግሞ ውሉ ከሻጭ ጋር የተደረገ ነው፤ መኪናው እጅ መለወጡ ለመድን ድርጅቱ በጽሑፍ ካልተነገረ ክፍያው ላይ ጥያቄ ይነሳል። በርክክቡ ማግስት አንድ ገጽ ደብዳቤ ጽፋችሁ፣ ኮፒው ላይ «ደርሶናል» አስፈርማችሁና ማኅተም አስመትታችሁ ያዙ።

ጋሽ ቦሎ

ነገረ ፈጅ ያሉት ትክክል ነው። እኔ የርክክቡን ጽሑፍ ልስጣችሁ፤ ከሽያጭ ውሉ ተለይቶ በራሱ ወረቀት ይጻፍ፦

«እኔ ገዥ ዛሬ … ቀን … ዓ.ም. ከቀኑ 8፡40 ሰዓት ላይ፣ የሰሌዳ ቁጥር …፣ የሻንሲ ቁጥር …፣ የሞተር ቁጥር … የሆነውን መኪና፣ ቆጣሪው … ኪሎ ሜትር እያሳየ፣ ከ1 ቁልፍ፣ ከሊብሬው ኮፒ፣ ከትርፍ ጎማና ከክሪክ ጋር ተረክቤአለሁ። ከዚህ ሰዓት በኋላ መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት፣ ለሚመጣ የትራፊክ ቅጣትና በመኪናው ለሚፈጸም ማናቸውም ጥፋት ኃላፊው እኔ ነኝ። ሻጭ በዚህ ምክንያት የሚከፍለው ቢኖር ሙሉውን እተካለሁ።»

ሁለቱም ይፈርሙ፣ እማኞችም ይፈርሙ፣ የገዥ መታወቂያ ኮፒ ይያያዝ። ቆጣሪውንና ሰሌዳውን በአንድ ላይ በሚያሳይ ፎቶ አንሱ፤ ፎቶው ሰዓቱን ራሱ ይይዛል።

አያችሁ፣ «ከሊብሬው ኮፒ» ነው ያልኩት። ዋናው ሊብሬና ሁለተኛው ቁልፍ ከሻጭ ጋር ይቆዩ። ስም በሚዞርበት ቀን በመመዝገቢያ መሥሪያ ቤቱ መስኮት ፊት ይሰጣሉ። ዋናው ሊብሬ የተሰጠው ገዥ የሚያስቸኩለው ነገር የለውም።

ነገረ ፈጅ

አንድ ነገር ልጨምር፣ ጋሼ። ያ ጽሑፍ የሚያስረው ሻጭንና ገዥን ነው። የተገጨው ሰው አልፈረመበትምና በእሱ ላይ መከላከያ አይሆንም። ጥቅሙ የተከፈለውን ከገዥ ለማስመለስ ነው፤ ገዥው ደግሞ የሚከፍለው ካለው ነው። ከሁሉ የሚሻለው ስም ሳይዞር ቁልፍ አለመስጠት ነው።

መካኒክ ዘሰበታ

ስለ ካምቢዮው። አውቶማቲክ ካምቢዮ በትክክል ከተነዳ በ9 ቀን አይሞትም፤ ሲሞት የቆየ ነው። ግን ይህን ማለትና ማስረዳት ይለያያሉ።

ብልሽቱ ለምን በሙከራ አልታየም? የደከመ አውቶማቲክ ጠዋት ቀዝቅዞ እያለ ደህና ይይዛል። ዘይቱ ሲሞቅ ይቀጥናል፣ ግፊቱ ይወርዳል፣ ያኔ መንሸራተት ይጀምራል፦ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው አይሄድም። ግቢ ውስጥና ሜዳ ላይ 10 ደቂቃ ተነድቶ የሚታይ ነገር አይደለም። ቢያንስ 40 ደቂቃ፣ ዳገት ባለበት፣ ለምሳሌ ወደ ሱሉልታ በሚያወጣው መንገድ፣ ቆም እያሉ በመነሳት ነው የሚሞከረው። ሲሞቅ ከፒ ወደ ዲ፣ ከዲ ወደ አር ስታዘዋውሩ በመዘግየት ወይም በመንገጫገጭ የሚይዝ ከሆነ ምልክቱ ያ ነው።

ዘይቱን እዩ። መለኪያ ዘንግ ባለው ካምቢዮ ላይ ዘንጉን አውጥታችሁ ነጭ ሶፍት ላይ ጠብ አድርጉ። ደህናው ዘይት ቀይ ወይም ቀላ ያለ ነው። ጠቁሮ የተቃጠለ ሽታ ካለው፣ በጣታችሁ ስታሹት ደቃቅ አሸዋ መስሎ ከተሰማችሁ፣ ውስጥ ያሉት ፍሪሲዮን ዲስኮች ተበልተዋል። በጣም አዲስ ቀይ ዘይት ካገኛችሁ ደግሞ መቼና ለምን እንደተቀየረ ጠይቁ፤ ለሽያጭ ሲባል ወፍራም ዘይት ተሞልቶ መንሸራተቱ ለጥቂት ቀን የሚደበቅበት ጊዜ አለ።

ሌላው ስካን፣ ማለትም የመኪናውን ኮምፒውተር በመሣሪያ ማንበብ ነው። የቼክ ሞተር መብራት ከሽያጭ በፊት በነበረው ምሽት ሊጠፋ ይችላል። የብልሽት ኮድ የለም ብላችሁ አትመለሱ፤ ስካነሩ ላይ የመኪናው የራስ ምርመራዎች «ተጠናቋል» ወይም «አልተጠናቀቀም» የሚልበትን ገጽ ክፈቱ። ኮድ ሲሰረዝ አብዛኞቹ «አልተጠናቀቀም» ላይ ይመለሳሉ፤ እንደገና ለመጠናቀቅ መኪናው በተለያየ ፍጥነት ሲነዳ መዋል አለበት። ብዙዎቹ ያልተጠናቀቁ ከሆነ ወይ በቅርብ ኮድ ተሰርዟል ወይ ባትሪ ተነቅሏል። ያን ገጽ ፎቶ አንሱት።

አሁን ብልሽቱ ከታየ በኋላ ገዥ የሚያበላሸውን ልንገራችሁ። አንደኛ፣ መኪናውን በገመድ ያስጎትታል። ቪትዝ የሚጎትተው በፊት እግሩ ነው፤ የፊት ጎማዎቹ መሬት ላይ ሆነው ብዙ ኪሎ ሜትር ሲጎተት ካምቢዮው ዘይት ሳያገኝ ይዞራል፣ የቀረውም ይበላል። ሻጭ «አንተ ጎትተህ ነው የሰበርከው» ሲል መልስ የለም። በጭነት መኪና ወይም የፊት እግሩን በሚያነሳ መጎተቻ ይሂድ። ሁለተኛ፣ ጋራዥ ገብቶ ወዲያው ያስፈታዋል። የተፈታ ካምቢዮ ማስረጃ አይደለም፤ የብረት ክምር ነው። ሦስተኛ፣ ዘይቱን ያስደፋዋል።

ሳይፈታ በፊት ለሻጭ በጽሑፍ ይነገረው፤ ቀንና ሰዓት ተቆርጦለት መጥቶ እንዲያይ ይጠራ። ከመጣ እሱ ባለበት ይፈታ፤ ካልመጣም መጠራቱ ይመዝገብ። ዘይቱ በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይቀመጥ። ዲስኮቹ አይጣሉ። የጋራዡ ሪፖርት ሰሌዳ፣ ሻንሲ ቁጥር፣ በዕለቱ ያለው ኪሎ ሜትር፣ የታየው ጉዳት፣ የመካኒኩ ፊርማና የጋራዡ ማኅተም ይኑረው። «ካምቢዮ ተበላሽቷል» የሚል ሁለት ቃል ሪፖርት ምንም አይረባም። በርክክቡ ቀን የነበረው ኪሎ ሜትር ከተጻፈ ገዥ ስንት እንደነዳው ይታወቃል፤ 300 ኪሎ ሜትር ነድቶ ዲስክ ጨረሰ ማለት ይከብዳል።

ገላን ኮንዶሚኒየም

ነገረ ፈጅ፣ «አይቼና አስመርምሬ ወድጄ ገዝቻለሁ» ብሎ የፈረመ ገዥ እኮ አለቀለት ማለት አይደለም? ሁለተኛ ጥያቄ፦ ውሉ 500,000 እያለ 1,250,000 መክፈሉ በባንክ ይታያል። ፍርድ ቤት የትኛውን ያምናል?

ነገረ ፈጅ

ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው።

ጉድለትን በተመለከተ፦ በቁጥር 2287 ሻጭ የሸጠው ነገር ከውሉ ጋር የሚስማማና ጉድለት የሌለበት መሆኑን ዋስ ነው። ገዥ የሚያውቀውን፣ ወይም ከባድ ቸልተኛ ካልሆነ በቀር ሊያመልጠው የማይችለውን ግልጽ ጉድለት ግን ሻጭ አይጠየቅበትም። የተሰነጠቀ መስታወት፣ የተበላ ጎማ፣ የተላጠ ቀለም በዚህ ይወድቃሉ። ሲሞቅ ብቻ የሚታይ የካምቢዮ ድካም ከዚህ ጋር አይመደብም።

«ወድጄ ገዝቻለሁ» የምትለዋ ሐረግ ዋስትናውን ማጥበቢያ ሆና ልትታይ ትችላለች፤ ተዋዋዮች እንዲህ መስማማት ይችላሉና። ነገር ግን ቁጥር 2297 ሻጭ ጉድለቱን እያወቀ በተንኮል ደብቆ ከሆነ ይህን ስምምነት ዋጋ ያሳጣዋል። ስለዚህ ክርክሩ «ብልሽት ነበረ ወይ» ከሚለው ወደ «ሻጭ ያውቅ ነበር ወይ» ይዞራል። መካኒክ ያሉት የስካን ፎቶ፣ ከሽያጩ በፊት መኪናው ጋራዥ የገባበት ደረሰኝ፣ «ካምቢዮውስ?» ብሎ ገዥ በቴሌግራም ለጠየቀው ሻጭ የሰጠው መልስ፣ ክሱን የሚያቆሙት እነዚህ ናቸው። መልእክቶቹን አታጥፉ፤ ስልኩንም አትሽጡ።

ጊዜውን ልብ በሉ። ገዥ መኪናውን እንደተቀበለ መመርመር፣ ጉድለት ሲያገኝም ሳይዘገይ ለሻጭ ማስታወቅ አለበት፤ ማስታወቂያውም ጉድለቱ ምን እንደሆነ ይግለጽ፣ ቁጥር 2292። ካስታወቀ በኋላ ክስ ለማቅረብ በቁጥር 2298 ያለው ጊዜ 1 ዓመት ነው። ብዙ ገዥ በዘመድና በሽማግሌ ሲመላለስ ይህ ጊዜ ያልፍበታል። ሽምግልናው ይቀጥል፣ ጊዜው ግን እየሄደ ነው። ቆጣሪ ተመልሶ ወይም የአደጋ ታሪክ ተደብቆ ውሉ ራሱ በተንኮል የተደረገ ነው ከተባለ ሌላ መንገድ አለ፦ በቁጥር 1704 ውሉ እንዲፈርስ መጠየቅ። የዚያ ጊዜ በቁጥር 1810 2 ዓመት ነው።

ማስታወቂያውን በስልክ ብቻ አታድርጉት። ይጻፍ፣ በአደራ ደብዳቤ ይላክ፣ የፖስታ ቤቱ ደረሰኝ ይያዝ፤ ፎቶውም በቴሌግራም ይላክ።

አሁን ዋጋው። ይህ ነው ሁለቱንም የሚያቃጥላቸው። ቁጥር 2005 የተጻፈ ውል በፈረሙት መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው ይላል፤ በውሉ የተጻፈውን በምስክር ለማፍረስ ደግሞ ቁጥር 2006 በሩን ይዘጋል። ውሉ ፈርሶ «ወደነበራችሁበት ተመለሱ» ቢባል፣ ሻጭ «ዋጋው 500,000 ነበር፣ ያን እመልሳለሁ» ማለት ይችላል። ገዥ የባንክ ዝውውሩን ያሳያል፤ ሻጭ «ያኛው ሌላ ዕዳ ነበረው» ይላል። ዝውውሩ ላይ ምክንያት ካልተጻፈ ገዥ ተጨንቆ ይቀራል።

ግን በተቃራኒውም እዩት። ሻጭ ቀሪ 100,000 ብሎ ሲከስ፣ ገዥ «በውሉ ዋጋው 500,000 ነው፤ 1,250,000 ከፍያለሁ፤ ያለአግባብ የከፈልኩት 750,000 ይመለስልኝ» ብሎ የተከሳሽ ከሳሽነት (በዚያው መዝገብ መልሶ መክሰሻ) ቢያቀርብስ? ዋጋ አሳንሶ መጻፍ ለሻጭ የሚጠቅም ይመስላል እንጂ አንገቱን ነው የሚሰጠው። በዚያ ላይ ቀረጥ ለመቀነስ ብላችሁ መሆኑ ዳኛው ፊት የሚወጣው በራሳችሁ አፍ ነው፤ ያም በራሱ ሌላ ተጠያቂነት አለው። የስም ማዛወሪያ ክፍያ ደግሞ ብዙ ጊዜ በመሥሪያ ቤቱ ግምት እንጂ በእናንተ ቁጥር አይሰላም።

እውነተኛውን ዋጋ ጻፉ። ባንክ ስትከፍሉ ምክንያት በሚለው ቦታ «ለመኪና ሰሌዳ … ሽያጭ ክፍያ» በሉ።

ለምለም ሱሉልታ

ውል ሳይጻፍ በውክልና ስለሚሸጠውስ? «ሙሉ ውክልና ሰጥቼሃለሁ፣ በፈለግህ ጊዜ በስምህ አዙር» ይባላል። ሻጭ ውጭ አገር ሊሄድ ሲል እንዲህ ማድረግ በጣም ተለምዷል። ሻጭ ቢሞት ወይም ሐሳቡን ቢለውጥ ገዥ ምን በእጁ አለው?

የአያት ውል ጸሐፊ

እህቴ፣ በጣም ጥሩ ቦታ ነው የነካሽው። ውክልና ሽያጭ አይደለም። ወካይ በፈለገ ጊዜ ውክልናውን መሻር ይችላል፤ ሲሞትም በቁጥር 2232 መሠረት ውክልናው በመርህ ደረጃ ይቀራል። ወራሾች ሊብሬው በአባታቸው ስም ነውና «መኪናችንን መልስ» ይላሉ። ገዥ በእጁ ያለው «ይሸጥልኝ፣ ይለውጥልኝ» የሚል ወረቀት ብቻ ከሆነ ገንዘብ ስለመክፈሉ የሚናገር አንድም ቃል የለበትም።

ሁለተኛው ወጥመድ፦ ተወካይ ከራሱ ጋር ውል ማድረግ በቁጥር 2188 ውሉን ለመቃወም በር ይከፍታል። ስለዚህ ገዥ በውክልናው መኪናውን ለራሱ እንዲያዞር ከታሰበ «ለራሱም ጭምር መሸጥና በስሙ ማዛወር ይችላል» የሚል በግልጽ ይጻፍ።

ውክልና ግድ ከሆነ ከሽያጭ ውሉ ጋር እንጂ በምትኩ አይሁን። ውሉ በውልና ማስረጃ ይረጋገጥ፣ ክፍያው በባንክ ይታይ፣ ውክልናው ስም ለማዛወር ብቻ ይሰጥ። እንዲህ ከሆነ ሻጭ ቢሞት እንኳ ገዥ ወራሾቹን በውሉ መሠረት ስም እንዲያዞሩ መክሰስ ይችላል።

በዚህ ያለው ሌላ አደጋ የሻጭ ነው፦ ገዥ በውክልናው ለሦስተኛ ሰው፣ ያም ለአራተኛ ያስተላልፈዋል። ከሁለት ዓመት በኋላ መኪናው የት እንዳለ ሻጭ አያውቅም፤ ቅጣቱና አደጋው ግን በስሙ ይመጣል። ውክልናው ላይ «ሌላ ሰው መወከል አይችልም» ማለትና ጊዜ መወሰን ይህን ይቀንሰዋል።

ጋሽ ቦሎ

የትዳር ጉዳይ ተረስቷል። በተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ቁጥር 68 መሠረት ዋጋው ከ500 ብር በላይ የሆነ የጋራ ተንቀሳቃሽ ንብረት ለመሸጥ የሁለቱም ፈቃድ ያስፈልጋል። መኪና ሁሉ ከዚያ በላይ ነው። ያልተስማማው የትዳር ጓደኛ ባወቀ በ6 ወር ውስጥ፣ ቢዘገይ ግን ከሽያጩ በ2 ዓመት ውስጥ ሽያጩ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል፣ ቁጥር 69። ስለዚህ ገዥ የሻጭን ሚስት ወይም ባል ፊርማ፣ ካላገቡ ደግሞ ያላገባ ማስረጃ ይጠይቅ። ኦሮሚያ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ ሻጭ የሸገር ከተማ (ኦሮሚያ) ነዋሪ ከሆነ በዚያ ይታያል፤ ፊርማው በሁለቱም በኩል ቢኖር ማንንም አይጎዳም።

አሁን ሂደቱን በቅደም ተከተል ላስቀምጥ፣ አንዱን ዘላችሁ ወደ ሌላው ስትሄዱ ነው ጊዜ የምትፈጁት። መጀመሪያ መኪናው ፋይሉ ካለበት ቅርንጫፍ ከዕዳና ከእገዳ ነጻ መሆኑን አጣሩ። ባንክ መያዣ አድርጎት ከሆነ የባንኩ የመልቀቂያ ደብዳቤ ሳይገባ ስም አይዞርም። የዓመቱ ቦሎና የትራፊክ ቅጣት ይታይ። ቀጥሎ መኪናው ራሱ ይቀርብና ሻንሲና ሞተር ቁጥሩ ከሊብሬው ጋር ይመሳከራል። ከዚያ የሽያጭ ውሉ በውልና ማስረጃ ፊት ተፈርሞ ይረጋገጣል፣ ክፍያዎች ይከፈላሉ፣ አዲሱ ሊብሬ ይወጣል።

ብዙ ሽያጭ የሚንኮታኮተው በማመሳከሩ ላይ ነው። ሞተሩ በሆነ ጊዜ ተቀይሮ ሊብሬው ላይ አልተመዘገበ ይሆናል። አዲሱ ሞተር በሕጋዊ መንገድ የገባ መሆኑን የሚያሳይ የጉምሩክ ዲክላራሲዮን ወይም የግዢ ደረሰኝ ይጠየቃል፤ ደረሰኙ የሚገኘው ከሦስት ባለቤት በፊት ከነበረው ሰው ዘንድ ነው! ገንዘብ ሳይከፈል በፊት የእጅ ባትሪ አምጡና ቁጥሮቹን በዓይናችሁ አንብቡ። የሻንሲ ቁጥሩ እንደ ሞዴሉ በሞተሩ ክፍል የኋላ ግድግዳ ላይ ወይም ከፊት ወንበር ሥር ወለሉ ላይ ተመትቷል። ቀጭን ወረቀት አስቀምጡበትና በእርሳስ ጎን አሹት፤ ቁጥሩ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። የፊደሎቹ ጥልቀትና ርቀት አንድ ዓይነት ካልሆነ፣ ዙሪያው የተሞረደ ወይም አዲስ ቀለም ካለው፣ ቀብድም አትክፈሉ። የተሰረቀ መኪና የገዛ ሰው ገንዘቡን ብቻ ሳይሆን ነጻነቱንም አደጋ ላይ ይጥላል።

ኮድ 3 ዶልፊን

ኮድ 3 (የንግድ መኪና) ሲሸጥስ? ከቀረጥ ነጻ የገባስ?

ጋሽ ቦሎ

ኮድ 3 ከሆነ የሻጭ የግብር ክሊራንስ ይጨመራል፤ ከገቢዎች ካልመጣ ፋይሉ አይንቀሳቀስም። ከቀረጥ ነጻ የገባ ከሆነ ያልተከፈለው ቀረጥ ጉዳይ በጉምሩክ ሳይዘጋ መብት ለሌለው ሰው አይተላለፍም። «ቀረጡን ማን ይከፍላል» የሚለው በውሉ ካልተጻፈ ክርክሩ ከመኪናው ዋጋ ጋር የሚወዳደር ገንዘብ ላይ ይሆናል።

የአያት ውል ጸሐፊ

ስለ ቀብድ አጭር ነገር። ውል ላይ «ቀብድ» ብላችሁ ከጻፋችሁ ቁጥር 1883 እና ተከታዮቹ ይመጣሉ፦ የሰጠው ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ቢተው እጥፍ ይመልሳል። 50,000 ቀብድ የተቀበለ ሻጭ የተሻለ ገዥ ሲያገኝ 100,000 ይመልሳል ማለት ነው። «ቅድሚያ ክፍያ» ከተባለ ግን የዋጋው አካል ነው፤ እጥፍ የሚባል ነገር የለም። የትኛውን እንደፈለጋችሁ አውቃችሁ ጻፉ፤ ደላላው በቃል የተናገረው በቂ አይደለም።

መካኒክ ዘሰበታ

የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ ያገለገለ ኤሌክትሪክ መኪናም በብዛት እየተሸጠ ነውና አንድ ነገር ላክል። እዚያ ክርክሩ ባትሪው ላይ ነው። «አንዴ ሞልቶ 300 ኪሎ ሜትር ይሄዳል» የሚል ቃል ማስረጃ አይሆንም። የባትሪው ቀሪ ጤንነት በመቶኛ በስካን ይነበብ፣ ቁጥሩና የተነበበበት ቀን ውሉ ላይ ይጻፍ። ካልተጻፈ ማነሱ እርጅና ነው ወይስ ጉድለት የሚለው አይፈታም።

ገላን ኮንዶሚኒየም

የመጨረሻ ጥያቄ፦ ሻጭ ለገጣፎ፣ ገዥ አያት ሆነው የት ነው የሚካሰሱት? ገዥ ስም አላዞርም ብሎ ቢጠፋስ? አንዳንዱ «ተሰረቀብኝ ብለህ አመልክት፣ ፖሊስ ይይዘዋል» ይላል።

ነገረ ፈጅ

ከኋለኛው ልጀምር፦ ይህን በጭራሽ አታድርጉ። በፈቃዱ የሸጠውን መኪና ተሰረቀ ብሎ ማመልከት ራሱ ወንጀል ነው፤ ገዥ ውሉን ባሳየ ቀን ሻጭ ተከሳሽ ይሆናል።

ትክክለኛው መንገድ እንዲህ ነው። ለገዥ በቁጥር 1772 መሠረት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ይሰጠው፣ «በ15 ቀን ውስጥ ቀርበህ ስም አዙር» የሚል ቁርጥ ቀን ያለው። ለመመዝገቢያ መሥሪያ ቤቱም ውሉና ርክክቡ ተያይዞ በደብዳቤ ይገለጽ፣ ኮፒው ላይ ገቢ ቁጥር ይሰጠው። ካልመጣ ክሱ «ውሉን ፈጽሞ ስም እንዲያዞር፣ ቀሪ ገንዘብ እንዲከፍል» ነው። ገዥ መኪናውን እንዳያሸሽ በሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 የእግድ ትእዛዝ ይጠየቅ። ማመልከቻው ላይ ሰሌዳው ብቻ ሳይሆን ሻንሲና ሞተር ቁጥሩም ይጻፍ፤ አንድ አሃዝ ቢሳሳት መዝገብ ክፍሉ ትእዛዙን አይፈጽምም። ትእዛዙ እዚያ መድረሱን ራሳችሁ ሄዳችሁ አረጋግጡ።

ቦታውን በተመለከተ፣ መነሻው የተከሳሽ መኖሪያ ወይም ውሉ የተደረገበት ወይም የሚፈጸምበት ቦታ ነው። ገዥ አያት ከሆነ ሻጭ ፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ያቀርባል፤ በአዋጅ 1234/2013 እስከ 10 ሚሊዮን ብር ያለው የፍትሐ ብሔር ክርክር በዚያ ይታያል። ገዥ ለገጣፎ ያለውን ሻጭ ሲከስ የኦሮሚያ ፍርድ ቤት ይመጣል፤ የሥራ ቋንቋው አፋን ኦሮሞ ስለሆነ አቤቱታውም በዚያ ይዘጋጃል። ነገር ግን አንዱ አዲስ አበባ፣ ሌላው ኦሮሚያ ነዋሪ በመሆናቸው «ይህ የፌዴራል ጉዳይ ነው» የሚል የሥልጣን መቃወሚያ ይነሳልና መዝገብ ከመክፈታችሁ በፊት ይህን ከጠበቃ ጋር ጨርሱ። በሥልጣን ምክንያት የተዘጋ መዝገብ ወራት ይበላል፤ የ1 ዓመቷ ጊዜ ደግሞ እየሮጠች ነው።

የአያት ውል ጸሐፊ

በተባለው መሠረት የውሉን አንቀጾች እንዲህ አስተካክያለሁ፤ እረሙልኝ፦

«ዋጋው ብር 1,350,000 ሲሆን ብር 1,250,000 ውሉ በውልና ማስረጃ ሲፈረም በባንክ ይከፈላል። ቀሪው ብር 100,000 ስም በዞረበት ቀን በሲፒኦ (ባንክ በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ይከፈላል። ሻጭ ስለ ሞተርና ካምቢዮ የሚያውቀው ጉድለት፦ … ነው፤ ከዚህ ሌላ የሚያውቀው የለም። ሻጭ መኪናው ከዕዳ፣ ከእገዳና ከሌላ ሰው መብት ነጻ መሆኑን ያረጋግጣል። ገዥ በ15 ቀን ውስጥ ስም ካላዞረ በቁጥር 1889 መሠረት ብር … ገደብ (መቀጫ) ይከፍላል፤ ለመዘግየቱ ምክንያቱ የሻጭ ሰነድ መጓደል ከሆነ ገደቡን ሻጭ ይከፍላል። ቁልፍ የሚሰጠው አዲሱ ሊብሬ ሲወጣ ነው።»

ጋሽ ቦሎ

ጥሩ ነው። «የሚያውቀው ጉድለት» በሚለው ፊት ያለውን ክፍት ቦታ ባዶ አትተዉት፤ ከሌለ «የለም» ተብሎ በእጅ ይጻፍና ሻጭ አጠገቡ ይፈርም። ደላላውን ከእማኝነት አውጡትና ከመኪናው ዋጋ የሚጠቀም ያልሆነ ሁለት ሰው ተኩ። ሁለቱም ወገኖች በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ ይፈርሙ፤ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፊርማ ከሌለ ዋጋው ያለበት ገጽ ሊቀየር ይችላል።